ተራው የማን እንደነበር

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣

እንዴት ሰነበትህ? ጆሮህስ እንዴት ነው? ባለፈው የጻፍህልኝ ጉልበት ደረጃ ያስወጣሃል ወይስ አሁንም እንደ ሕፃን አንድ እግርህን እያስቀደምህ ነው የምትወጣው? ባለቤትህ ዓይኗን ታየች? መነጽሯንስ ቀየረች? ትልቋ ልጅህና ባሏ፣ ትንሿም፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ጥያቄዬ የበዛው ከጥር ወዲህ የተጠራቀመ ስለሆነ ነው፤ አንድ በአንድ እንድትመልስልኝ እፈልጋለሁ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤዎቻችን ሁልጊዜ «እኔና ሳቂታ» ብለው እንደሚጀምሩ ታውቃለህ። ይህኛው «እኔ» ብሎ ጀመረ። ረስቼ አይደለም። ብቻህን ከሆንህ ባለቤትህን ጥራትና አጠገብህ ትቀመጥ፤ ከዚያ ቀጥል። ወንድሜ፣ እህታችን ሳቂታ መጋቢት 12 ቀን ከቀኑ በስምንት ሰዓት አርፋለች። ልቧ ነው። አልተንገላታችም። ልጇ እጇን ይዛት ነበር፤ እኔ ከግርጌዋ ተቀምጬ ነበር።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን አልተነገረኝም ትላለህ። ነግረንህ ነበር፤ አንተ ዘንድ አልደረሰም። ጥፋቱ ግማሹ የማሽን ነው፣ ግማሹ የእኔ ነው። የማሽኑን አስቀድሜ ልንገርህ፤ እሱ ይቀላል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መሥሪያ ቤቱ በሳምንት ሦስት ጠዋት እየመጣሁ የሚወጡ ደብዳቤዎችን እንዳርም መልሶ እንደጠራኝ ታውቃለህ። ለአንተም በእጄ የምጽፈውን ወረቀት በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ኮፒ ማሽኑ ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ማሽኑ አንሥቶ ወደ ኢሜይልህ ይልከዋል። ሁለት ዓመት እንዲህ ተጻጻፍን፤ የአንተም መልስ በጸሐፊዋ በኩል ታትሞ ይደርሰናል። በጥር መጀመሪያ አሮጌው ማሽን ተነሥቶ አዲስ መጣ። አዲሱ ፈጣን ነው፣ ድምፅ የለውም፤ ደብዳቤ በላከ ቁጥር «ተልኳል» የሚል ቁራጭ ወረቀት ያወጣል። እኔም ወረቀት አምናለሁ። ቁራጮቹን በየቀናቸው አያይዤ ፋይል ውስጥ አኖርኋቸው።

ጥር 20 ቀን ሳቂታ ትንፋሽ እያጠራት መሆኑን ጻፍሁልህ። ተልኳል። የካቲት 8 ቀን ሐኪሙ ያለውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ጻፍሁልህ። ተልኳል። የካቲት 25 ቀን ሳቂታ ራሷ ትራሷን ተደግፋ ጥቂት መስመር ጻፈችልህ፤ እሱንም በእጄ ላክሁት። ከአንተ አንድ ቃል አልመጣም።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። አባባ ለሥራ ራቅ ብሎ ሲከርም ያወጣልንን ሕግ ታስታውሳለህ፦ ደብዳቤ በተራ ነው፤ የጻፈ ሰው መልስ ሳይመጣለት ደግሞ ቢጽፍ ልመና ይሆንበታል። ያን ሕግ ስድሳ ዓመት ሙሉ ይዘነው የቆየን እኔና አንተ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ለሳቂታ ስል ሁለት ጊዜ ጥሼው ጻፍሁልህ፤ ስትዘጋኝ ግን ደሜ ፈላ። ልጇ «አክስቴ፣ ለምን ለትልቋ ልጁ አልደውልላትም? እሷ ትነግረዋለች» አለችኝ። «በሦስት ደብዳቤ ያልነቃ በስልክ አይነቃም» አልኋት። ደግማ ጠየቀችኝ፤ ተቆጣኋት። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ያን ስልክ የከለከልሁት እኔ ነኝ እንጂ ማሽን አይደለም።

ሳቂታ በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ጻፈ?» ትለኛለች። «አልጻፈም» ማለት እየከበደኝ ሄደ። አንድ ቀን ውሸት የማላውቀው ሴትዮ ዋሸሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት የጻፍኸውን ደብዳቤ ከመሳቢያ አውጥቼ፣ ቀኑን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ፣ ዛሬ የመጣ አስመስዬ አነበብሁላት። ትልቋ ልጅህ የዚያን ሰሞን ልታገባ መሆኑን የጻፍህበት ነበር፤ ልብ አላልሁትም። ሳቂታ ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝና «እትዬ፣ ይቺ ልጅ ስንቴ ነው የምታገባው?» አለች። ከዚያ ሳቀች። ትንፋሿ እስኪያጥር ሳቀች፤ ልጇ ሮጣ መጣች፤ እኔ ወረቀቱን ይዤ እንደ ተማሪ ቆሜ ቀረሁ። «ግድ የለም፣ ደግመሽ አንብቢልኝ፤ ጥሩ ሠርግ ነበር» አለችኝ። ደግሜ አነበብሁላት። ከዚያ ወዲያ «ጻፈ?» ብላ አልጠየቀችኝም። በስምንተኛው ቀን አረፈች።

ቀብሯ በተፈጸመ በማግስቱ አራተኛ ደብዳቤ ጻፍሁልህ። አንድ ገጽ ናት። በሕይወቴ ሳላርም የላክሁት የራሴ ጽሑፍ እሱ ብቻ ነው። ተልኳል።

ባለፈው ሳምንት ነገሩ መገለጥ ጀመረ። ውጭ ካሉ መሥሪያ ቤቶች «የላካችሁት ውል አልደረሰንም» የሚል አቤቱታ በዛ። እኛም «ተልኳል» የሚለውን ቁራጭ እያሳየን እነሱን ስናማ ሰነበትን፤ እኔማ አንዱን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሰነፍ ብዬዋለሁ፤ ይቅር ይበለኝ። ጸሐፊዋ ማሽኑን አጥፍታ አበራች፤ ወደ ራሷ ኢሜይል ላከች፤ ወዲያው ደረሳት። «ይኸው ይሠራል!» አለች። እዚያው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስለሚደርስ ማንም አልጠረጠረውም። ሰኞ ዕለት ባለሙያ ተጠራች፤ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ቦርሳዋን በሽቦ የሞላች ልጅ ናት። «እማማ፣ እስቲ ከወንበሩ ላንሣዎት» አለችኝ። «እማማ አይደለሁም፤ አራሚዋ ነኝ» አልኋት። «እንግዲያው አራሚዋ፣ ይህ ማሽን የሚያርመው ሰው አላገኘም» አለችኝ፤ ወደድኋት።

ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ወዳለው የራሷ ኢሜይል ልካ ስትፈልገው «አይፈለጌ መልእክት» በሚባል ሳጥን ውስጥ ወድቆ አገኘችው። የቆሻሻ ቅርጫት ማለት ነው፤ ኢሜይሉ አጭበርባሪ የመሰለውን ሁሉ ባለቤቱን ሳይጠይቅ እዚያ ይጥለዋል። ማሽኑን የተከሉት ሰዎች ለላኪው ያልነበረ አድራሻ ፈጥረው ሞልተውበት ኖሯል። የመሥሪያ ቤቱን ስም ይጠራል እንጂ በመሥሪያ ቤቱ መስመር አያልፍም፤ መሥሪያ ቤቱም «የእኔ ነው» ብሎ አልመሰከረለትም። ርዕስ የለውም፣ አንድ ቃል የለውም፤ የተያያዘው ወረቀት ስሙ ቁጥር ብቻ ነው። «አንድ የማያውቁት ሰው ሰላም ሳይል፣ ስሙን ሳይናገር፣ የታሸገ ነገር ደጅዎ ላይ ጥሎ ቢሄድ ያስገቡታል?» አለችኝ። አላስገባም። ከአንድ ገጽ ግማሹን ሰላምታ የምሞላ ሴት፣ ደብዳቤዎቼ ደጅህ የቆሙት ሰላም ሳይሉ ነው። ቁራጮቹን አምጥቼ አሳየኋት። «ተልኳል ማለት ደርሷል ማለት አይደለም» አለችኝ፤ በቀስታ ነበር ያለችው።

ለማሽኑ እውነተኛ አድራሻና የራሱን የይለፍ ቃል ሰጠችው፤ በመሥሪያ ቤቱ መስመር እንዲልክ አደረገች፤ ስሙንም መላክ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር አስገባችው። በሦስት የውጭ አድራሻ ሞከረችው፤ ሦስቱም ከደህናው ሳጥን ገቡ። እኔ ግን ስለ አንተ ማረጋገጥ ፈለግሁ። ጸሐፊዋ ትናንት ከራሷ ኢሜይል «ከጥር ወዲህ ከእህቶችዎ ደብዳቤ ደርሶዎታል?» ብላ አንድ መስመር ጻፈችልህ። ሰዓት ሳይሞላ መለስህ። ወረቀቱ ፊቴ ነው፦ «ምንም አልደረሰኝም። ተራው የእነሱ ስለሆነ ላለመጨቅጨቅ ዝም አልሁ። ተቀይመውኝ ይሆን? ሳቂታን ሳሚልኝ።» ጸሐፊዋ አንብባ ስትጨርስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ወንድሜ፣ ሦስት ወር ሙሉ አንተ እዚያ ተራህን ጠበቅህ፤ እኔ እዚህ ፈረድሁብህ።

አሁን ማወቅ ያለብህን ልንገርህ። ያ ሳጥን የወደቀበትን ነገር ሠላሳ ቀን ብቻ ነው የሚያቆየው፤ ከዚያ ራሱ ያጠፋዋል። ስለ ሕመሟ የጻፍሁልህ ሁለቱ ጠፍተዋል። የእሷም ጽሑፍ ጠፍቷል። አሁን እዚያ ያለው መጋቢት 14 ቀን የላክሁት አራተኛው ብቻ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ አሥራ አንድ ቀን ይቆያል። ባለሙያዋ ስለዚያ ደብዳቤ ልነግርህ መሆኑን ስትሰማ «ለምን ይነግሩታል? ዝም ካሉ በራሱ ይጠፋ የለም?» አለችኝ። አርባ ዓመት «ከዋናው ጋር ተመሳክሯል» ብዬ ስፈርም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ደብቄህ ልኖር አልችልም። እዚያ ውስጥ እንጀራ ፍለጋ ሄደህ ደምህን ረሳህ ብዬሃለሁ። እየጠራችህ ሞተች፣ ከእንግዲህ ለማንም ተራ የለም፣ አትጻፍልኝ ብዬሃለሁ። ከዚህም የባሰ አለ። ብትከፍተው መብትህ ነው፤ ብትተወው ሚያዝያ 14 ቀን ይሄዳል። እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ ብታነብበው ይህን ወረቀት ከጎኑ አድርገህ አንብበው። በዚህ ዕድሜዬ ልመና መማሬ ነው።

የሳቂታን ጽሑፍ ከዚህ ጋር ሁለተኛ ገጽ አድርጌ ልኬዋለሁ፤ ዋናውን በአደራ ፖስታ ትቀበላለህ። ፊደሏ ስለተንቀጠቀጠ ሊያስቸግርህ ይችላል ብዬ እዚህም ገልብጬዋለሁ፦

«ወንድሜ፣ እትዬ ይህን እንዳታርመው አስምዬያታለሁ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽህም። የረሳኸው ጃንጥላ አሁንም እኔ ጋ ነው፤ ሲመጣ ይወስደዋል እያልሁ ለማንም አላዋስሁትም፤ በዝናብ የበሰበስሁበት ቀን ሁሉ በአንተ ይቆጠራል። እትዬ ስትቆጣ አትመናት፤ ፊቷን አዙራ ነው የምታለቅሰው። ስትጽፍልኝ ሳቅ ያለበት አድርገው።»

እንዳስማለችኝ አላረምሁትም።

ከዛሬ ጀምሮ በእኔና በአንተ መካከል ተራ የሚባል ነገር የለም። አባባ ይቅር ይበለኝ፤ ሕጉን ሰርዤዋለሁ። መልሴ ቢዘገይም ጻፍ፤ ባልመልስም ጻፍ፤ ተቆጥቼ አትጻፍ ብልህም ጻፍ። ጆሮህ ባይሰማም እሑድ ከሰዓት ልጇ ለትልቋ ልጅህ ትደውላለች፤ አንተ ከአጠገቧ ተቀመጥ፤ እኔም ከዚህ እቀመጣለሁ። የምንለውን ልጆቹ ያቀባብሉናል።

ባለቤትህን እጅ ነሥቻለሁ፤ ስታለቅስ መነጽሯን ታውልቅ። ትልቋ ልጅህን አክስትሽ ሠርግሽን ሁለት ጊዜ ሰምታ ነው የሄደችው በልልኝ፤ ባሏንም ሰላም በልልኝ። ትንሿን ግንባሯን ሳምልኝ። ከዚህ ቤት የሳቂታ ልጅ አጥብቃ ትስምሃለች፤ ስልኩን ስለከለከልኋት እስካሁን አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ጸሐፊዋም ሐዘንህን ተካፍላለች፤ ይህን ደብዳቤ ስልክልህ ራስጌው ላይ «ሰላም ወንድሜ፣ ታላቅ እህትህ ነኝ» ብላ ትጽፍልኛለች፤ ደጅህ ላይ ሰላም ብሎ ይገባል።

ጃንጥላህ ከበሩ ኋላ እንደተሰቀለ ነው። አላዋስሁትም።

ታላቅ እህትህ
ከቤታችን፣ ከሳቂታ ክፍል
ረቡዕ፣ ሚያዝያ 3 ቀን