ጠጠሩ ላይ የቆመችው ሴትዮ

መስፌ ሆዴ፣

ሙት ዓመትህ ሊደርስ ነው። ቤቱ እንዳለ ነው፣ የማሞቂያው ቦይለር ብቻ ተቀይሯል፤ ቤቱን ያከራየንን ካውንስል ስጨቀጭቅ ከርሜ በመጨረሻ ሰው ላኩልኝ። የካሜራ ማቆሚያ ትሪፖድህ ከበሩ ኋላ እንደቆመ ነው፣ ቦርሳዬን እሰቅልበታለሁ። ብታይ ትቆጣ ነበር።

የምጽፍልህ ግን ስለ ዮናስ ነው። ካሜራ አያያዝ ያስተማርከው፣ እንደ ታናሽ ወንድም ከቤታችን የማይጠፋው ያ ዮናስ። ስትታመም ፎቶዎችህን ሁሉ አስቀምጥልኝ ብለህ አደራ ሰጠኸው። ባለፈው ካሌዶኒያን ሮድ ካለው ካፌ ሻይ ልጠጣ ስገባ መስታወቱ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ አየሁ፤ ሰው ሰብስቦ ለአንድ ቀን ባሕር ዳርቻ ወስዶ የፎቶ ኮርስ ሊሰጥ ነው። ከላይ ያለው ፎቶ ያንተ ነው። ከሥሩ የተጻፈው ስም የሱ። እዚያው እንደቆምኩ ደሜ ፈላ።

ሌላ ሰው ቢሆን ደውሎ ይሳደብ ነበር። እኔ ከፍዬ ቦታ ቡክ አደረግኩ። እሱ ደግሞ ሐዘኗን ልትረሳ ነው ብሎ ደስ አለው መሰለኝ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት አስቀመጠኝ።

ፎቶውን ያነሳህበትን ቀን አትረሳውም። የእናቴን መርዶ የተረዳሁ ሰሞን ነበር። ለቀስተኛው ሲበተን ቤት ውስጥ መተንፈስ አቃተኝና ነጩ ገደል ያለበት ባሕር ወሰድከኝ። ጀርባዬን ሰጥቼህ ጠጠሩ ላይ ቆሜ ሳለቅስ፣ ማዕበሉ ሲሸሽ ጠብቀህ አነሳኸኝ። ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ነበር የለበስኩት።

ዮናስ እዚህ ፈረንጅ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ አይደል፣ ይሄን ከየት ያውቀዋል? ያው ገደል ሥር ተማሪዎቹን ሰብስቦ ፎቶህን ከታብሌቱ ላይ አሳያቸው። ስለ ብርሃኑ አወራ፣ ስለ ማዕበሉ አወራ። ሴትዮዋን ደግሞ ለጥምቀት ለብሳ የወጣች ናት፣ በደስታዋ መሃል ነው ያነሳኋት አላቸው። ጥምቀት አለ፣ መስፌ። አብረውን የመጡት እትዬ አልማዝ ፎቶውን ጠጋ ብለው አዩና የነጠላውን ጥለት በጣታቸው ተከተሉ።

ያንኑ ነጠላ ከቦርሳዬ አወጣሁ። ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ለበስኩና ጠጠሩ ላይ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩ። እትዬ አልማዝ ናቸው፣ ልጄ ይቺ እኮ ሐዘንተኛ ናት፣ ለመሆኑ ማነው ያነሳት ብለው ዮናስን የጠየቁት። ዞር ስል የዮናስ ፊት አመድ መስሏል። ይዤው በመጣሁት ባንተ ካሜራ አነሳሁት፣ እንዳስተማርከኝ ብርሃኑን ከጎን አድርጌ፣ ሳልቸኩል። ከዚያ ፎቶው የመስፍን ነው ብሎ በሁሉም ፊት ተናገረና አለቀሰ። እንባው አላሳዘነኝም። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሽሃለሁ?

ስንመለስ ማንም አላናገረውም። ይቅርታ አድርጊልኝ እያለ ሲለምነኝ እኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየሁ ሰፈራችን ዊልስደን ደረስን።

ፎቶህን በትልቁ አሳትሜዋለሁ፣ ስምህ ከሥሩ አለ። ለሙት ዓመትህ ዝክሩ የሚደረግበት አዳራሽ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የሚሰቅለው ዮናስ ነው፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ እያየው። እሺ ብሏል። አንተን እስክሞት አልረሳህም፣ እሱንም አልረሳውም።

የሚወጣበትን መሰላል የምይዝለት እኔ ነኝ።

ያንተው ፀሐይ