ስም አልጠራሁም

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ
ከትጥቅ ክፍሉ

ለልጄ፣ ለጢያራዬ፣

…እጅሽን ወደ ኋላ ትዘረጊና ሳታዪ ትቀበይኝ ነበር። ዱላ እንኳ አልነበረንም፤ የተሰበረ የመወልወያ እጀታ ነበር፣ እናትሽ ስትፈልገው ሁልጊዜ የምታጣው። እኔ ከቤቱ ጥግ ተነስቼ እሮጣለሁ፣ «ያዥ!» እላለሁ፣ መዳፍሽ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። ዞሮ ማየት ክልክል ነው ብዬሻለሁ። ዱላ ቅብብል የሚሮጥ ሰው ከኋላው የሚመጣውን ሰው ማመን አለበት ብዬሻለሁ። አንቺም አንድ ቀን እንኳ ዞረሽ አላየሽም፣ እስከዚያ ቀን ድረስ…

ይሄን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

እንዴት ነሽ? ያ ጉልበትሽ ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዝሽ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ብርዱ አይጣል ነው ይላሉ። ሸፈን አድርጊው። እናትሽ ደህና ናት። መነጽሯን ቀይራለች፤ አሁን ከሩቅ ሆና ፊቴን ታነበዋለች፣ ይሄ ለእኔ ጥሩ አልሆነልኝም። ባለፈው ለእሷ የጻፍሽውን አነበበችልኝ። መጨረሻው ላይ «ለአባዬም ሰላም በዪልኝ» ይላል። ድገሚልኝ አልኳት። ደገመችልኝ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጃችን አንቺ እንደምታውቂው ነው። ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ኮሪደሩ የወለል ሰም የሚሸት፣ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራበት። ሜዳችን አሁንም ትልቅ ጉባኤ ባለ ቁጥር መኪና ማቆሚያ ይሆናል። በማግስቱ የመሮጫው መም ላይ የዘይት ጠብታ እየፈለግን አሸዋ እንበትናለን። ልጆቹ «በዚህ በኩል እንኳ የሰባኪው መኪና ቀድሞናል» እያሉ ይቀልዳሉ።

ዘንድሮ ግን ቀልዱ ጠፋ። የኮሌጁ ኃላፊ በመምህራን ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «የስፖርት ክፍላችንን እንወደዋለን፤ ግን ፍሬው ምንድን ነው ብለን መጠየቅ አለብን» አለ። እኔ ምን ያልኩ ይመስልሻል? ያገኘናቸውን ዋንጫዎች መዘርዘር ጀመርኩ። ሰው ሳቀ። ቤተ መጻሕፍቱን የምትይዘው ሴትዮ ሳትቀር ሳቀች፣ ያቺ የማትስቀው።

«ወንድሜ፣ የነፍስ ፍሬ ማለቴ ነው» አለኝ ኃላፊው፣ ለስለስ አድርጎ፣ ተማሪ እንደሚያርም። ካልሆነ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሜዳውም ለሁልጊዜ መኪና ማቆሚያ ይሆናል። እስከ ወሩ መጨረሻ እንዳስብበት ተነገረኝ።

ስለዚህ ፍሬ ስፈልግ ነበር የሰነበትኩት። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ ሰበብ እንዲሆነኝ አይደለም። ወይም እንዲሆነኝ ነው። አላውቅም።

በቡድኑ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጽፍልሽም፤ ስም አለመጥራት እንደሆነ ተክኜበታለሁ። ጓደኞቿ «ማሳረጊያ» ነው የሚሏት። በዱላ ቅብብል የመጨረሻውን ዙር የምትሮጠው እሷ ናት። እኛ ዘንድ ደግሞ፣ ታስታውሺዋለሽ፣ የመጨረሻውን ዙር የሚሮጥ ሰው ከውድድር በፊት ክብ ሠርተን ስንቆም የማሳረጊያውን ጸሎት ይጸልያል። ውድድሩ ሲያልቅም ዱላው እሱ ዘንድ ያድራል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ስትነሳ ያያት ሰው ያዝንላታል፤ ቤት የረሳችው ነገር ያለ ይመስል ታመነታለች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ግን አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል ታደርጋለች፣ በቃ፣ ከዚያ በኋላ ሌሎቹ የቆሙ ይመስላሉ። አንገቷ ዘንበል ባለ ቁጥር አንቺን አያለሁ፣ ሰዓቱን መጫን እረሳለሁ። ለምን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ቅዳሜ አሸንፈን ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ሌሎቹ በድካም እርስ በርስ ተደጋግፈው አንቀላፍተዋል።

«አሰልጣኝ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት?»

«ጫማው ጠበበሽ?»

«አይ፣ ጫማው ደህና ነው።» ማሰሪያውን አላላች። «የመጨረሻውን ዙር እሮጣለሁ። ማሳረጊያውን ግን ሌላ ሰው ይጸልይ።»

«ምነው? ያምርብሻል እኮ።»

«ቃሉማ አፌ ላይ አለ። የሚሰማኝ ያለ ግን አይመስለኝም። እንዲህ ከሆንኩ ቆይቷል። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነው እኔን ይጠብቃሉ፤ እኔ ዓይኔን ገልጬ ጫማ ጫማቸውን አያለሁ። የሰው ነገር የሰረቅሁ ይመስለኛል።»

ትከሻዋን መታ መታ አደረግኋት።

«ለማንም እንዳይናገሩብኝ» አለች።

«ለማን እናገራለሁ?»

ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። እንዲህ ቶሎ የሚተኛ ሸክሙን ያወረደ ሰው ነው። ሸክሙ እኔ ጭን ላይ ቀረ፣ እስክንደርስ ታቅፌው ተቀመጥኩ።

ሰኞ ጠዋት የሠራተኞች ጸሎት ነበር። ሥርዓቱን ታውቂዋለሽ፤ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ሰው ያለውን ይሰጣል። የቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ የእህቷን ኩላሊት ሰጠች። የጥበቃ ኃላፊው ልጁ ፈተና ላይ ነው። እኔ ሁልጊዜ «ለስፖርት ክፍሉ» ነው የምለው፣ ሰውም በትዕግሥት ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ያን ዕለት ግን ኃላፊው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። አፌን ከፈትኩ።

«አንዲት እህታችን አለች» አልኩ። «በእምነቷ ደክማለች።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ምን ዓይነት ጸጥታ መሰለሽ፣ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዘንበል ያለበት ጸጥታ። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ እንዲያ ተሰምቼ አላውቅም። ስም አልጠራሁም። ርዕስ ሲሰጥ ስም አይጠራም፤ ደንባችን ነው፣ በደንባችንም እንኮራለን። ዓይናችንን ጨፍነን፣ ማን ትሆን እያልን እንጸልያለን።

ከዚያ ራሴ ጸለይኩ። «ጌታ ሆይ፣ መታጠፊያው ላይ ጉልበት እንደምትሰጣት…» ብዬ ጀመርኩ።

አየሽ? በዚህ ኮሌጅ ውስጥ በመታጠፊያ የምትታወቅ አንዲት ሰው ብቻ ናት። ያንን ሳልል መጸለይ እችል ነበር። ግን አሯሯጧን እወደዋለሁ፤ ጸሎት ውስጥ ሆኜ እንኳ ታየኝና አመለጠኝ። «አሜን» ተብሎ ዓይኔን ስገልጥ የሁሉም ዓይን ቀድሞ ተገልጦ ነበር።

ኃላፊው በር ላይ ትከሻዬን ያዘኝ። «ለካ እንዲህ ያለ ሥራ ነው ስትሠራ የኖርከው» አለኝ። «ፍሬ ማለት ይሄ ነው። ክፍሉ ይቀጥላል፣ አታስብ።»

ደስ አለኝ፣ ልጄ። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው። ደረጃውን ስወርድ አፏጭ ነበር።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ሰልፍ ላይ ነበርን፤ እሷ ከፊቴ፣ እኔ ሳህን ይዤ ከኋላዋ። ምግብ የምታወጣው ሴትዮ ጭልፋዋን አስቀመጠችና እጇን ያዝ አድርጋ፣ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሁላችንም እየጸለይንልሽ ነው» አለቻት። በፍቅር ነው ያለቻት። እውነቴን ነው፣ በፍቅር። ከእኔ ወደ ቤተ መጻሕፍቷ፣ ከቤተ መጻሕፍቷ ወደ ወጥ ቤቱ፤ እያንዳንዱ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ሳያይ ተቀብሏል፣ ማንም መሬት አልጣለውም። እንዲህ ያማረ ቅብብል ከልጆቼ ጋር ሠርቼ አላውቅም። ዱላው ግን መጨረሻ ላይ ያረፈው እሷ ላይ ነው።

ዞራ አየችኝ።

ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ የነገርሽኝን ለሰው ባወራሁ ጊዜ አንቺም እንዲሁ ዞረሽ አይተሽኛል። ሹካ የምመርጥ መስዬ አቀረቀርኩ። ሹካዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው።

ትናንት የተማሪዎች ዲኗ ሁለታችንንም አስጠራችን። ክፉ ሰው እንዳትመስልሽ። ለልጅቷ ወንበር ሳበችላት፣ ውሃ ቀዳችላት።

«ማንም አይቀጣሽም» አለቻት። «ነገ ጸሎት ቤት ውስጥ ፊት ትወጫለሽ፣ እንጸልይልሻለን። አንቺም አንድ ቃል ትናገሪያለሽ። ‹ተመልሻለሁ› ብትዪ በቂ ነው።»

«የት ሄጄ ነበር?» አለች ልጅቷ።

ዲኗ ወደ እኔ አየች። እኔ የግድግዳውን ሰዓት አየሁ።

«እንቢ ካልሽ አናስገድድሽም። ግን የኮሌጁን ማሊያ ለብሶ መሮጥ ይከብዳል። ማሊያው ተራ ማሊያ አይደለም።»

ልጅቷ ውሃውን አልነካችውም። «አሰልጣኝ ምን ይላሉ?» አለችኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ድምፅዋ ያው የልምምድ ሜዳው ድምፅ ነበር፣ ስንተኛው መም ላይ ልጀምር ብላ እንደምትጠይቀኝ።

ማለት የነበረብኝን እዚህ ወረቀት ላይ አሳምሬ ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ አሁን ቃሉ ሁሉ አለኝ። «ልጅቷ አደራ አለችኝ፣ እኔ አደራዋን በላሁ፣ ክፍሌ እንዳይዘጋብኝ ነው» ማለት ነበረብኝ። ዲኗም ሰው ናት፣ ትሰማኝ ነበር። ምናልባት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ክፍሉም አብሮ ያበቃ ነበር።

«አንድ ደቂቃ እኮ ናት» አልኳት። «ትቆሚያለሽ፣ ያልፋል። እንደ ሩጫ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች፣ ትእዛዝ እንደተቀበለ ሰው። «ነገ ከልምምድ በፊት እነግርዎታለሁ… አይ፣ ጸሎት ቤቱ ይቀድማል፣ ዛሬ ላስብና» አለች፣ ተደነባበረች፣ ያን ጊዜ ነው ገና ልጅ መሆኗ የታየኝ። በመጨረሻ ዲኗ እስከ ዛሬው ልምምድ ድረስ እንድታስብበት ጊዜ ሰጠቻት፣ የጸሎት ቤቱንም ለነገ ዓርብ አዛወረችው። መልሱን የምቀበለው እኔ እንድሆን ተወሰነ። አሰልጣኟ ነኝና።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ ነገርኳት። የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። አላቋረጠችኝም፤ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ አዲሱን መነጽሯን አወለቀች።

«ደግሞ?» አለች።

መነጽሯን ሳታደርግ ማጠፏን ቀጠለች። ካልሲዎቼን ሳታገናኝ ለየብቻ አስቀመጠቻቸው።

እና አሁን እዚህ ነኝ። የትጥቅ ክፍሉን ታውቂዋለሽ፤ ያው እርጥብ ገመድና የጎማ ሽታ፣ ያው የማይዘጋ ቁም ሳጥን። የመለማመጃ ኮኖቹን ደርድሬ ጨርሻለሁ፣ ከዚያ እንደገና አፍርሼ ደረደርኳቸው። ልጆቹ ውጭ ሰውነታቸውን እያሟሟቁ ነው። የእሷ ድምፅ አይሰማም። ወትሮም አይሰማም፣ ዝምተኛ ናት። ይህን ለምን ለአንቺ እንደምጽፍ ራሴን ስጠይቅ ነበር። ለማን ልጻፍ? ለሰኞ ጠዋቱ ጸሎት ርዕስ ልስጠው? «አንድ ወንድማችን አለ» ልበል?

ሳቂ። ድሮ እንዲህ ስል ትስቂ ነበር።

ደብዳቤዬን ሁልጊዜ በምን እንደምጨርሰው ታውቂዋለሽ። «በየዕለቱ እጸልይልሻለሁ» ብዬ ጽፌው ነበር፤ ከላይ የተሰረዘው እሱ ነው። ዛሬ እጄ እንቢ አለኝ። በእሱ ፈንታ እንዲህ ልበልሽ፦ ጉልበትሽ ይሙቅ። ደጅሽን የሚያንኳኳው የምትወጂው ሰው ይሁን። የነገርሽው ነገር ከነገርሽው ሰው ዘንድ ይደር። ከኋላሽ የሚመጣ ሰው ሲኖር ዞረሽ እዪው፤ ክልክል ነው ያልኩሽን ተዪው።

አባትሽ

ፈርሜ ወረቀቱን ሳላጥፈው ማሳረጊያ ገባች። ማሊያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፤ ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ዱላውን ከላዩ አጋደመችው። ስለ ዓርቡ አልጠየቅኳትም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ አረፈ።

«ለማን ነው፣ አሰልጣኝ?»

«ለልጄ።»

«ኮሪደሩ ላይ ፎቶዋን አይቻለሁ። የመጨረሻውን ዙር ነበር የምትሮጠው አይደል?»

«አዎ።»

«ማሳረጊያውንም ትጸልይ ነበር?»

«ትጸልይ ነበር።»

«ለምን ተወችው?»

ወረቀቱን በመዳፌ ሸፈንኩት። ውጭ ልጆቹ በሆነ ነገር ይሳሳቃሉ። ትንሽ ጠበቀችኝ፣ አንገቷን ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ። ከዚያ ወጣችና በሩን ቀስ አድርጋ ከኋላዋ ዘጋችው።