ከአለቃ ጭን የተወሰደችው ቁራጭ

ጥር 7
ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ነው፤ አንገት ሁሉ አንድ ዓይነት። ምሳ ዕቃዬን እንዳለ ይዤው ተመለስኩ። ባለቤቴ ከፈተው፣ አየው፣ ዘጋው። "ይሄ ምሳ ከኔ አውቶቡስ ይበልጥ ይመላለሳል" አለ። ነጂ ነው፤ ቀልዱም ከመንገድ አይወጣም። አልሳቅሁም።

ባለጎማ ወንበሩ አሁንም ከበሩ ጀርባ ነው። ጎማው ተንፍሷል። ልጃችን ካረፈ ወዲህ ማንም አልነካውም። አለቃ ነበር የምንለው፤ እዚያ ተቀምጦ ቤቱን የሚያዘው እሱ ስለነበር። "እማ፣ መጋረጃ!" "አባ፣ ሬዲዮ!"

ጥር 8
ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ወጣት ሴት ናት። አለቃ ትንሽ ሳለ ጡንቻው ለምን እንደሚደክም ሊመረምሩ ከጭኑ ቁራጭ ሥጋ ወስደው ነበር። ረስቼዋለሁ።

"ከዚያች ቁራጭ የወጡት ሕዋሳት አሁንም በሕይወት አሉ፣ እናቴ። እያራባናቸው ነው። እንድንቀጥል ይፈቅዱልናል?"

በሕይወት አሉ አለች... ምን ዓይነት ቃል ነው? ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

ባለቤቴ ሲገባ ነገርኩት።
"አለ አሉኝ።"
"ማን?"
"ከጭኑ የወሰዱት።"
አንዱን ጫማ አውልቆ ሌላውን ሳያወልቅ ቀረ። "አምጪው" አለ በመጨረሻ። "አጠገቡ ይቀበር። ሰው ሁለት ቦታ አያድርም።"
ልክ ነው አልኩ።

ጥር 12
ላመጣው ሄድኩ። በሩ ላይ ጫማዬን ሰማያዊ ፕላስቲክ አለበሱት። የደወለችው ልጅ መነጽር ያደረገች፣ ቀጭን። የአለቃ ታላቅ እህት ብትሆን የምታክል። ሙቀት ካለው ሳጥን ውስጥ ጠፍጣፋ ሳህን አወጣች። ቀይ ፈሳሽ ብቻ። በማይክሮስኮፕ ይዩት አለችኝ። አየሁ... እንደ ተበተነ ሩዝ። እያንዳንዱ ለብቻው።

"እነዚህ ገና ጡንቻ አይደሉም" አለች። "የጡንቻ ዘር ናቸው። በማኅፀንም የሚጀምረው እንዲህ ነው። ምግብ እስከሞላላቸው ድረስ ሥራቸው መባዛት ነው። ምግቡን ስንቀንስባቸው ውስጣቸው ያለ አዛዥ ፕሮቲን ይነሣል። መባዛት በቃ፣ ጡንቻ ሁኑ ይላቸዋል። ይሰለፋሉ፣ ይጠጋጋሉ፣ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይከፈትና ብዙዎቹ አንድ ረጅም ክር ይሆናሉ።"

ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንድ ነገር ነው።
"ምግብ ትቀንሱበታላችሁ?"
"ትንሽ ነው፣ እናቴ። እንዲያድጉ..."
"እጁ ማንኪያ አልይዝ ሲለው በእጄ ያጎረስኩትን ልጅ እናንተ ታስርቡታላችሁ?"

ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ሳህኑን እንኳ ሳልይዝ ወጣሁ። አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት እግሬን አየች። "እትዬ፣ ጭቃ ፈርተው ነው?" ለካ ፕላስቲኩን ሳላወልቅ መጥቻለሁ።

ጥር 13
ዛሬም ምሳ አልበላሁም።

ጥር 15
ባለቤቴ "ታዲያ የታለ?" አለኝ። የሆነውን ነገርኩት። የሚናደድልኝ መስሎኝ ነበር። ምሳ ዕቃዬን አንሥቶ ጆሮው ሥር ነቀነቀው።
"ሙሉ ነው። ልጄን አታስርቡ ብላ የጮኸችው ይቺ ናት?"
ምሳ ዕቃውን አስቀመጠና፣
"ለመሆኑ ጡንቻ ሆኑ?"
"እኔ ምን አውቄ። ሳላይ ወጣሁ።"
"እንግዲያው ገና ነዋ። አለቃ መቼ ነው የጀመረውን ሳይጨርስ እንሂድ ሲሉት እሺ ያለው?"

ጥር 19
ተመለስኩ። ፕላስቲኩን አጥቤ ይዤላት። ልጅቷ ሳቀች፤ ከዚያ አፈረች።
"አልነካኋቸውም" አለች። "ሳልጠይቅዎ አልቀንስም ብዬ።"
አየኋቸው። ጠግበው፣ በዝተው፣ እንደ ተበተኑ።
"ቀንሺ" አልኳት። "እያየሽ ግን።"
"እያየሁ፣ እናቴ።"

ጥር 28
ሁለታችንም ሄድን። ባለቤቴ ሸሚዙን ተኩሶ ለበሰ፤ ሰው ሊጠይቅ እንደሚሄድ።

ሩዙ የለም። ክር ሆኗል። ረጃጅም፣ ጎን ለጎን የተኛ... አንዱ ተነቀነቀ። ዓይኔ ነው አልኩ። ደግሞ ተነቀነቀ። በራሱ፣ ማንም ሳይነካው።

ልጅቷ አልደበቀችንም። ክሩ በሠራ ቁጥር ይቀደዳል አለች። ውስጡን ከውጪው ሽፋን ጋር የሚያስር ረጅም ፕሮቲን አለ፤ የአለቃ ሰውነት እሱን መሥራት አይችልም ነበር። ይሄስ ገባኝ። ጫፉ ያልተቋጠረ ስፌት ነው። ሲያዩት ደህና ነው፤ በሳቡት ቁጥር ይተረተራል። እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን... ያላበላሁት ምን ይሆን እያልኩ።

"አሳጥረን የሠራነውን ማሰሪያ ልናስገባባቸው እንሞክራለን" አለች።
"ይይዛል?"
"አላውቅም፣ እናቴ።"
አላውቅም ማለቷን ወደድኩላት።

ባለቤቴ ዓይኑን ከመሣሪያው አላነሣም። ብዙ ቆየ። "አለቃ" አለ ቀስ ብሎ። "ሥራ ያዝክ እንዴ?"

ስለ መቅበር ማናችንም አላነሣንም። ይቆይ አልናት።

የካቲት 6
ጠዋት ባለቤቴ የወንበሩን ጎማ ነፍቶ ይዞት ወጣ። በሱ መስመር የምትሳፈር አንዲት እናት አለች፤ ከፍ ያለ ልጇን አዝላ ነው የምትወጣው። ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ የጎማው ጥቁር ምልክት ቀርቷል። አላጥበውም።

በምሳ ሰዓት ከስፌት ቤት ለልጅቷ ደወልኩ።
"እንዴት ናቸው?"
"አዲስ ሳህን ጀምረናል። ማሰሪያውን አስገብተንባቸዋል። ምግቡን ደግሞ ዛሬ ቀነስንባቸው፣ እናቴ።"
"ደግ" አልኳት። "እያየሽ።"

መቀሱን አስቀመጥኩ። ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። ቀዝቅዟል። በላሁት።