ቡችላው ለቢኒያም ሆነ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

ዛሬ ከጎረቤቴ ከቢኒያም ጋር አዘዞ ሄድን። ጀርመን ሼፐርድ የምታረባ አንዲት ነርስ አለች። የቀራት አንድ ቡችላ ነው፤ ሁለታችንም ፈልገነዋል።

ቢኒያም እናቲቱን ካላየሁ፣ የክትባት ካርዱን ካላነበብኩ አለ። "ምነው፣ ልታገባው ነው እንዴ? ሰባት ቤት ቁጠርለታ!" አልኩት። ሴትዮዋ ከት ብላ ሳቀች። ያሸነፍኩ መሰለኝ።

ከዚያ ግን ጠያቂዋ እሷ ሆነች። "የት ያድራል? ማን ያበላዋል?" ቢኒያም የቆርቆሮ ቤት እንደሠራለት፣ እህቱም እንደምታበላው ተናገረ። እኔ ደግሞ "አልጋዬ ላይ ያድራል፤ ካንኮራፋ እኔ መሬት እወርዳለሁ" አልኩ። እውነቴን ነበር፤ ማን ይመነኝ።

"አንተ፣ ጨዋታህ ሸጋ ነው፤ ውሻ ግን አልሰጥህም" አለችኝ። ለካ የሚመርጠው ገዢ ብቻ አይደለም!

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ቢኒያም ቡችላው ሱሪው ላይ እንዳይሸናበት ፈራ። እኔ ታቀፍኩት። እስከ ፒያሳ ጭኔ ላይ ተኛ፤ ሸናብኝም። ሰፈር ስንደርስ "በል ውሻዬን አምጣ" አለኝ። ውሻዬን! ቅናቱ እስካሁን አለቀቀኝም።

እማዬ ሱሪህን አውልቅና ልጠበው ትላለች። ነገ አልኳት።