ባዶ ሳሉ «ተይዘዋል» ስለተባሉት ወንበሮች

ለአውቶቡስ አክሲዮን ማኅበራችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ከራቤል ውርጭ ጋር ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቢሮዎ አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን ስለሰማሁ ለጉልበትዎ እሰጋለሁ፤ አሳንሰሩ እንዳይበላሽብዎም እጸልያለሁ። እኔ ምንይሉ ደገፉ እባላለሁ። ክቡርነትዎ አያውቁኝም እንጂ በራቤል መናኸሪያ ትኬት ስቆርጥልዎ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ ቅሬታ የሚቀርበው በስልክ መተግበሪያው ብቻ እንዲሆን ስለታዘዘና መተግበሪያውም ከመቶ ፊደል በላይ አልቀበልም ስላለኝ ነው። የእኔ ኀዘን ከመቶ ፊደል ትንሽ ይረዝማል።

በቅድሚያ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. አምና የኤሌክትሮኒክ ትኬት ሲስተም ለመምረጥ ክቡርነትዎና ሁለት ኃላፊዎች አዲስ አበባ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ሦስት ቀን ሙሉ ደክማችኋል። ሦስት ሻጮች ግድግዳ ላይ ሥዕል እያበሩ ሲያስረዱ በትዕግሥት አዳምጣችሁ፣ ከሦስቱ መልኩ ያማረውን መርጣችሁልናል። ሲስተሙ የሚሠራበትን መናኸሪያ ለማየት ራቤል ድረስ መጥታችሁ ብርድ እንዳይመታችሁ ስለተጠነቀቃችሁም እግዚአብሔር ይስጥልን።

፪ኛ. በሪፖርታችሁ «የሠራተኛው አስተያየት ተሰብስቧል» የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው፣ እኔም ተጠይቄያለሁ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ተደውሎ፣ «ጋሼ፣ ስልክዎ አንድሮይድ ነው?» ተባልኩ። «ነው» አልኩ። አስተያየቴ ይኸው ነበር። ደዋዩ ጥቂት ታግሦ «ለመሆኑ ሥራዎን እንዴት ነው የሚሠሩት?» ቢለኝ ኖሮ የምነግረው አንድ ነገር ነበረኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በማለዳው አውቶቡስ ከሹፌሩ ጀርባ ያሉትን ሁለት ወንበሮች እስከ መነሻው ሰዓት ድረስ አልሸጣቸውም ነበር። ደንብ ላይ የለም፣ ያዘዘኝም የለም። ከጊሼ ገጠር በቃሬዛ የመጣ ሕመምተኛ ካለ እሱ ይቀመጥባቸዋል፤ ከሌለ ሞተሩ ሲነሣ ቆሞ ለሚጠብቅ መንገደኛ እሰጣቸዋለሁ። አዲሱ ሲስተም ግን ስለ ወንበር ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ወይ «ክፍት» ነው፣ ወይ «ተይዟል»። በሥልጠናው ቀን ይህንኑ ላነሣ እጄን አወጣሁ። አሠልጣኙ «ጥያቄ መጨረሻ ላይ» አሉ። መጨረሻ ላይ ምሳ ደረሰ።

፫ኛ. ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ከፋፍዬ መጻፍ ስላልሆነልኝ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ እንደሆነው አድርጌ እነግርዎታለሁ።

ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ማለዳ፣ ስምንት ሰዎች ዓለምፀሐይ የምትባል ሴት በቃሬዛ ተሸክመው መናኸሪያው ገቡ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ደም ይፈስሳታል። ጤና ጣቢያው ቶሎ ሆስፒታል ድረሱ ብሏቸዋል፤ አምቡላንሱ ግን ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል። ባሏ ወንዳፈራሁ ሲያየኝ ፊቱ በራ። አምና እናቱ ታመው በዚያው ወንበር ልኬለታለሁ።

«ጋሽ ምንይሉ፣ እንኳን እርስዎን አገኘሁ። የፊቱን ይስጡን» አለኝ።

አዲሱን የትኬት ማሽን ነካሁ። ሁለቱም ወንበሮች በስልክ ተገዝተዋል። ቀና ብዬ በአውቶቡሱ መስኮት ሳይ ግን የተቀመጠባቸው የለም፤ ገዢዎቹ ቀርተዋል። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወልኩ።

«ተይዟል ነው የሚለው» አለኝ የሲስተሙ ኃላፊ፣ በትሕትና።

«ባዶ ነው እኮ ልጄ! በዓይኔ እያየሁት።»

«ይገባኛል አባቴ። ሲስተሙ ግን አይለቅልንም። ሳይመዘገብ ሰው ከተጫነ ደግሞ የሚመጣውን ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። የመስመራችን ሹፌር አብርሽ ከዚያ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ አንድ ሽማግሌ ሳያስመዘግብ አሳፍሯል ተብሎ ታግዷል። በእሱ ቦታ የመጣው ሹፌር መሪውን ጨብጦ አንገቱን ደፋ። ይህን ጊዜ ናኢማ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ከመሐል ተነሣች። «የእኔን ወንበር ውሰዱላት፣ እኔ ነገ እሄዳለሁ» አለች። ማሽኑን እንደገና ነካሁ፤ የስም ዝውውር ከአንድ ቀን በፊት ካልተጠየቀ አይፈቀድም አለኝ።

«ይሄን ዕቃ ይጣሉትና ያስገቧት!» ብላ ጮኸችብኝ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ እርስዎን ማማረሬን ላቁም። በአውቶቡሱ በር ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ማሽኑን አስቀምጬ «ግቡ፣ ኃላፊነቱ በእኔ» ማለት እችል ነበር። ነገር ግን ጡረታ ልወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶኛል፤ እሱ ታወሰኝ። «አይቻልም» አልኩ። ትእዛዙ የሲስተሙ ነው፣ አፉ ግን የእኔ ነበር። ወንዳፈራሁ አልሰደበኝም። ተመልሶ የቃሬዛውን አንድ ጫፍ ያዘ።

ናኢማ ወርዳ ቀረች። አውቶቡሱ ሦስት ባዶ ወንበሮች ይዞ ወጣ። እሷም የዓለምፀሐይን ራስ ጭኗ ላይ አስደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች። በግ የጫነ አይሱዙ የተገኘው ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሞቹ እናቲቱን አተረፏት፤ ሕፃኑ ግን መንገድ ላይ ሕይወቱ አልፎ ነበር። ወንድ ነበር አሉ።

ጥር ላይ ዓለምፀሐይ ለክትትል ልትሄድ መጣች። ትኬቷን እየቆረጥኩ «ይቅር በይኝ» አልኳት። «እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ማሽኑ ነው እንጂ» አለችኝ። ብትረግመኝ ይቀለኝ ነበር። ማሽኑማ በሩ ላይ አልቆመም።

ከዚያ ወዲህ አራት ሕመምተኞች ያለ ትኬት አሳፍሬያለሁ። ለሹፌሩም «በእኔ ትእዛዝ ነው» ብዬ በእጄ ፈርሜ እሰጣለሁ። የእገዳ ደብዳቤዬን በዚህ አድራሻ ይላኩልኝ። የሚቀጥለውን ሲስተም ከመምረጥዎ በፊት ግን እኔን ቢያባርሩም እንኳ አንድ ማለዳ መጥተው በሩ ላይ ይቁሙ፤ ጋቢ እኔ አውስዎታለሁ።

ዕድሜና ጤና፣ የማይቋረጥ መብራትና የማይጠፋ ኔትወርክ ለክቡርነትዎ እየተመኘሁ፣ በመልክ የማያውቁኝ፣ በሲስተሙ ግን ተጠቃሚ ቁጥር ሰባት እየተባልኩ የምጠራ፣ እስከ እገዳዬ ቀን ታዛዥዎ፣

ምንይሉ ደገፉ
ከራቤል መናኸሪያ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የዚያ ማክሰኞ ጉዞ በሲስተሙ «ሙሉ በሙሉ የተያዘ» ተብሎ በመመዝገቡ ለቅርንጫፋችን የላኩት የምስጋና ወረቀት በክብር ደርሶናል። የተመስጋኙ ስም የሚጻፍበት መስመር ባዶውን ስለመጣ የማንን ስም እንደምሞላ ቢያሳውቁኝ ደስ ይለኛል። የሕፃኑን እንዳልጽፍበት፣ ስም ሳይወጣለት ነው የተቀበረው።