በስምህ የተያዘ ጽዋ

ገዳሪፍ፣ ኅዳር ፲፮ ቀን ፲፱፻፸፯ ዓ.ም.

ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እግርህስ ከመንገዱ ድካም በረታ? ያለህበት ወድ ኤል ሒለው ወባው ክፉ ነው ይላሉና ወንዝ ዳር አትተኛ። እኔ ከአንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነኝ። ከናፍቆትህ በቀር ያልኩት ለደብዳቤ ወግ ያህል እንዳይመስልህ፣ እውነቴን ነው። እንዴት እውነት ሊሆን እንደቻለ ግን ረዘም ያለ ነገር ስላለው ቁጭ ብለህ አንብበው።

ወረቀትህን የሎሪው ሹፌር ኸሊል ባለፈው ሳምንት ዓርብ ሥራ ቦታዬ ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሦስት ጊዜ ጤናዬን ጠይቀሃል፣ ሁለት ጊዜ ሥራ ይገኛል ወይ ብለሃል፤ ዋናውን ነገር ግን ከታች ጥግ ላይ በትንንሽ ፊደል ነው የጻፍከው። ከሚሊሻው ጠፍተህ መምጣትህን፣ ብትመለስ እንደሚረሽኑህ፣ ወደ እኔ ለመምጣት ደግሞ ፊቴን እንደምትፈራ። እህቴ ፊቷን ከምታዞርብኝ ተመልሼ የመጣው ይምጣ ብለሃል። ልጅ ሳለህም እንዲሁ ነበርክ፤ ጥፋትህን ከማመን ጫካ ገብቶ መዋል ይቀልህ ነበር።

አንተ ያላነሣኸውን እኔ ላንሣው፤ አለዚያ ይህ ደብዳቤ ውሸት ይሆናል። በዚያ በነጻ እርምጃ ዘመን ባሌ፣ ያ ቀልዱን ሳይጨርስ ራሱ ቀድሞ የሚስቀው ሰውዬ፣ ጎተራ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ቦታውን ለቀበሌዎቹ የነገርክ አንተ ነህ። እንደማላውቅ ቆጥረህ ይሆናል የኖርከው። ሊወስዱት የመጡት ሰዎች ቤቱን እንኳ ሳይፈትሹ ቀጥ ብለው ወደ ጎተራው ሄዱ። ከእኔ ሌላ ያንን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነበርክ። ከዚያ ወዲያ ወዴት እንዳደረሱት የሚነግረኝ ጠፋ፤ አንተም በወሩ ለሚሊሻነት ተወሰድክ። ለአንተ የነገርኩህ ደግሞ እኔ ነኝ። ምንም አትንገሪ ብሎ ባሌ እየለመነኝ፣ ወንድሜ ነው ብዬ በገዛ አፌ ነገርኩህ። ይህንን ከአንድ አባት በቀር ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

እዚህ ከመጣሁ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ ጸሎቴ ስለትና ክስ ነበር። ስለቱ የጃንጥላ ነው። የባሌን ወሬ ካሰማኸኝ ጃንጥላ፣ በሕይወት ካቆየህልኝ ጃንጥላ፣ በሕልሜ ካሳየኸኝ እንኳ ጃንጥላ። ሁሉም ቢገባለት ሚካኤል የጃንጥላ ሱቅ በከፈተ ነበር። ክሱ ግን በአንተ ላይ ነው። አልዋሽህም፣ ስምህን እየጠራሁ ሰይፍህን ምዘዝበት እለው ነበር። አባታችን ሆይ ስደግምም የበደሉንን ይቅር ስለማለት የምትናገረዋ ዘንድ ስደርስ ዝም ብዬ እዘላት ነበር። እግዜር የማያስተውለኝ ይመስል!

ሥራዬ በአንድ ነጋዴ መጋዘን ሰሊጥ ማበጠር ነው። እዚያ መሪጌታ ገብረ ሥላሴ የሚባሉ ዓይነ ስውር አባት አሉ፤ የሞላውን ጆንያ አፉን በዳበሳ ይሰፋሉ፣ ስፌታቸው ከዓይናማ ስፌት ይበልጣል። እኔ ሳበጥር በለሆሳስ እደግም ነበር። አንድ ጠዋት ጠርተውኝ፣ ልጄ፣ ጸሎት ስታደርሺ ሰፌድሽ ሁልጊዜ አንዲት ቦታ ላይ ቀጥ ይላል፣ እዚያች ዘንድ ምን አለብሽ? አሉኝ። ያ ሁሉ ዓይናማ ያላየብኝን እሳቸው አዩብኝ። ጆንያው ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው።

ይቅር የምልበት ልብ እንዲሰጠኝ ይጸልዩልኝ አልኳቸው። እምቢ አሉ። ስጠኝ ስትዪ ደክመሻል፣ ከእንግዲህ ተቀብያለሁ በዪ አሉኝ። ጌታ የሞተ ወዳጁን ከመቃብር ሳይጠራው ነው አስቀድሞ ያመሰገነው፤ አንቺም ወንድሜን ይቅር ብያለሁ፣ ተመስገን ብለሽ ጀምሪ አሉ። በእግዚአብሔር ፊት እንዴት እዋሻለሁ? አልኩ። እኔ ክሬን የምቆርጠው ጆንያው ከተሰፋ በኋላ ነው እንዴ? ተሰፍቶ አልቆ በልቤ አይቼው ነው ለክቼ የምቆርጠው አሉኝ። ብቻ ይህንንም እንደ ስለትሽ እንዳታደርጊው፣ እንዲህ ስላልሽ እንዲህ ይደረግልሻል አላልኩሽም ብለው አስጠነቀቁኝ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት አትጠይቀኝ። ቃሉ እንደ ኮሶ መረረኝ። ባፌ ይቅር ብያለሁ እላለሁ፣ በልቤ ውሸታም እላለሁ። አጠገቤ የምታበጥረው ያለምወርቅ፣ ምን እያጉተመተምሽ ነው ሰሊጡን የምትደፊው? ትለኛለች። ያጽናናኝ ኸሊል ነው። ያ ሰው ጎማው ፈንድቶ፣ ጭነቱ መንገድ ላይ ተገልብጦ እንኳ ሲመጣ እንዴት ዋልክ ስትለው መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ጉዱን የሚያወራው ከዚያ በኋላ ነው። እስላም ሆኖ የመሪጌታ ተማሪ ሆነ ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ያንን ቃል ስል የጎተራው ነገር መምጣቱ ቀርቶ በልጅነታችን ጓንግን ያሻገርከኝ ቀን መጣብኝ። እሾህ ወግቶኝ በጀርባህ አዝለኸኝ፣ ውሃው ደረትህ ደርሶ፣ አንተ እየተንቀጠቀጥክ እኔን አትፍሪ ስትለኝ። ሰፌዱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ቀበሌ ጠርተው ያስጨነቁትም ይኸው ልጅ ነው አልኩ። ምን እንዳደረጉህ አላየሁም፣ ጠይቄህም አላውቅም። አለቀስኩልህ፤ ለራሴም አለቀስኩ። ከዚያች ቀን ወዲህ አባታችን ሆይን ሳልዘል እደግማለሁ፣ ሰፌዴም አይቆምም። መሪጌታ ክራቸውን በጥርሳቸው በጠስ አድርገው ፈገግ አሉ።

ይህ ሁሉ የሆነው በእጄ ምንም ሳይገባ ነው። ከዚያ በኋላ፣ የዛሬ ዓመት ገደማ፣ እግዚአብሔር ያደረገልኝ አንድ ትልቅ ነገር አለ። በወረቀት አልጽፈውም፤ ወረቀት በስንት እጅ እንደሚያልፍ ታውቃለህ። ስትመጣ በዓይንህ ታየዋለህ። ይቅርታው ግን ከእሱ ይቀድማል፤ ተክሼ ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ ብዬ ነው አሁን የምነግርህ።

ወደ ጉዳይህ ልመለስ። ረቡዕ የኅዳር ሚካኤል ማኅበራችን በያለምወርቅ ቤት ነበር። እዚህ መንግሥት መጠጥ ከከለከለ ወዲህ ጽዋችን የምትሞላው በቀዩ የአበባ ሻይ፣ በካርካዴ ነው፤ ሚካኤልም ለምዶታል። በልተን ጠጥተን ስናበቃ መሪጌታ የታኅሣሥን ጽዋ ማን ይቀበላል? አሉ። ደንቡን ታውቃለህ፤ የተቀበለ ሰው በወሩ ደግሶ ማኅበርተኛውን ከደጁ ቆሞ መቀበል አለበት፣ እስካሁን ተቀብሎ የቀረ የለም። ላንተ ልቀበልልህ ከቤቴ ቆርጬ ወጥቼ ነበር። አፌን ስከፍት ከወንዶቹ መደብ አንድ ሰው ቀደመኝና ተነሥቶ፣ በአንተ የክርስትና ስም ጽዋዋን ተቀበለ። ይህ ደግሞ ማነው? ሲሉት የቤታችን ሰው ነው፣ መጥቷል አለ። ይመጣል አላለም። መሪጌታ አሜን አሉ፣ እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ።

እንግዲህ ወደ ኋላ የምትላትን ነገር ተዋት፤ ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ደጋሽ ነህ። ጾም ስለሆነ ሥጋ የሚጠብቅብህ የለም። ድፎውን እኔ እደፋለሁ፣ ካርካዴውን አንተ ታፈላለህ፤ ስኳር እንዳታበዛ፣ መሪጌታ አይወዱም።

ኸሊል ከዚያ ማክሰኞ ይነሣል፤ ከፊት እንዲያስቀምጥህ ነግሬዋለሁ። እኔ ሥራ ላይ ስለምሆን ሎሪ መቆሚያው ድረስ መጥቶ የሚቀበልህ ሌላ ሰው ነው። ፈቃድ ጠይቄ እኔው ልሂድ ብለው እምቢ አለኝ፣ እኔ ነኝ የምቀበለው አለ። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ግራ እግሩንም ያነክሳል፣ ከሩቅ ላትለየው ትችላለህ። ስትቀርበው ግን ቀልድ ይጀምርልሃል፣ ሳይጨርሰውም ራሱ ይስቃል። እንዳትሸሽ። አብረኸው ሳቅ።

ሚካኤል መንገድህን ይጥረግልህ። ኧረ ጠርጎልሃል፣ ተመስገን።

ጀርባህ ላይ ታዝላ ጓንግን የተሻገረችው
እህትህ