ከበሩ ኋላ ያቆምኩት ክራንች

አሶሳ፣ ሚያዝያ 1987 ዓ.ም.

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? እማዬስ ወገቧ ተሻላት? እኔ ከሙቀቱና ከቅናቱ በቀር ደህና ነኝ። አዎ፣ ቅናት ብዬሻለሁ፤ ሳቂብኝ።

ክልሉ አዲስ ስለሆነ ቢሮአችን ገና ወንበር እንኳ አልሞላለትም፤ በአንዲት ክፍል ሦስት ሆነን ስንሠራ ከርመናል። አንዱ ዋኘው ነው፤ ያ በክራንች የሚሄደው የገነተ ማርያም ሰው፣ በየደብዳቤዬ የማነሳልሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ዓይኔ ብሌን ጠብቄዋለሁ። ሻዩን አመጣለታለሁ፣ ሰው ሲጠይቀው ቀድሜ እመልስለታለሁ፣ ደረጃው ላይ ክንዱን ለቀም አደርጋለሁ። ያልነገርኩሽ ነገር ግን አለ። ጠዋት ሲቀመጥ ክራንቹን ተቀብዬ ከበሩ ኋላ አቆመዋለሁ። ሰው እንዳያደናቅፍ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። መነሳት ሲፈልግ ስሜን እንዲጠራ ነው።

ጥር ላይ ዐፊፋ የምትባል የበርታ ሴት ታይፒስት ሆና መጣች። የአራት ልጆች እናት ናት፣ ባሏንም አውቀዋለሁ፤ ቅናቴ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም አለ። ገና በመጀመሪያው ቀን ክራንቹን ልወስድ ስል በዚያ በኮልታፋ አማርኛዋ የት ቢቀመጥለት እንደሚወድ ጠየቀችው። እሱም፣ እዚሁ ከጎኔ አቁሚልኝ አላት። በቃ። ከዚያ ወዲህ ስሜን ጠርቶት አያውቅም።

ይባስ ብላ ትልከዋለች! የጻፈችውን ወረቀት ኃላፊው ዘንድ ወስዶ እንዲያስፈርምላት። ዘልዬ ልቀበለው ስል እሱ ደረት ኪሱ ሸጉጦ ወጣ። ሲቆይባት ሰነፍ ብላ ሰደበችው፤ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ እንደዚያ አስቄው አላውቅም። ተቃጠልኩ፣ እህቴ። የታይፑ ድምፅ ራሱ ያናድደኝ ጀመር።

ባለፈው ዓርብ ዋኘው ወደ አገሩ አቅራቢያ፣ ወደ ግልገል በለስ መዛወሩን ሰማሁ፤ ራሱ ጠይቆ ነው። አልቻልኩም። ዐፊፋ ስትወጣ ጠብቄ፣ እኔ ምን አጎደልኩብህ፣ እሷስ በምን በለጠችኝ አልኩት።  አምና እኔን ሊያገባ ወደ እማዬ ሽማግሌ ሊልክ አስቦ እንደነበር ነገረኝ። ታዝንልኛለች እንጂ አትወደኝም፣ ለምታዝንልኝ ሴት ደግሞ ባል ልሆናት አልችልም ብሎ ተወው። ያኔ የክራንቹን ነገር አፍረጥርጬ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ይህን ቀድመሽ ብትነግሪኝ ክራንቹ አጠገቤ እያለም እጠራሽ ነበር አለኝ።

ሰኞ ሄደ። ዐፊፋ ሻንጣውን ትያዝለት እንደሆነ ጠየቀችው፣ እሺ አላት። እኔ እጄን አጣምሬ ቆምኩ።

እህቴ፣ ለፋሲካ መጥቼ ላግዝሽ ብልሽ፣ ራሴን ችያለሁ አትምጪ ብለሽ ስትጽፊልኝ ውለታ ቢስ ብዬሽ ነበር። ሕመሙ እግርሽን ከያዘው ጀምሮ ስድስት ዓመት ትምህርት ቤት አዝዬሽ ተመላልሻለሁ፤ እስከዛሬም በሰው ፊት እመካበታለሁ። መታዘል ትፈልጊ እንደሆነ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄሽ አውቃለሁ?

አምላክ ደጃችሁን በጤና ያቆየው። ብትሰድቢኝም መልስሽን እጠብቃለሁ።

ታላቅ እህትሽ